ሃምሳ ዓመት የዘገየው ሜዳሊያ፦ አንድ ጦር የራሱን የጀግኖች መዝገብ ሲመረምር

ጉዳዩን ለምን መረጥኩት

ሜዳሊያ ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን ደረት ላይ የተንጠለጠለው ነው። ሪባኑ፣ ወርቁ፣ ሲሸለም የተነሳው ፎቶ። ከኋላው ያለው ወረቀት አይታየንም። ይህ ጽሑፍ ስለዚያ ወረቀት ነው።

ጉዳዩ የአሜሪካ ምድር ጦር ጉዳይ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከአንድ ሚሊዮን በላይ ጥቁር አሜሪካውያን በውትድርና አገልግለዋል። ጦርነቱ አልቆ ሽልማቱ ሲቆጠር ግን የአገሪቱን ከፍተኛ የጀግንነት ሜዳሊያ ያገኘ አንድም ጥቁር ወታደር አልነበረም። ይህን ለማረም ከ50 ዓመት በላይ ፈጀ። እርማቱ እንዴት እንደተሠራ፣ የት ላይ እንደተሳካና የት ላይ እንደጎደለ ደረጃ በደረጃ ስለሚታይ ነው ልጽፈው የወሰንኩት።

የሰዎቹን ስም አልጠራም። ለመደበቅ አይደለም፤ ስማቸው በሕዝብ መዝገብ ላይ በክብር ተጽፏል። እዚህ ግን እያንዳንዱን በሠራው ሥራና በቦታው ነው የምጠራው። ጥያቄዬ ስለ ሰዎቹ ጀግንነት አይደለም። ጀግንነቱ ተረጋግጧል። ጥያቄዬ ጀግንነቱ ለምን ወረቀት ላይ እንዳልደረሰ ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ዳራ

ሜዳሊያው በአገሩ ቋንቋ የክብር ሜዳሊያ ይባላል። የተጀመረው በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ነው፤ ለባሕር ኃይሉ በ1861፣ ለምድር ጦሩ በ1862። የሚሰጠው በኮንግረሱ ስም ሲሆን የሚሰጠውም ፕሬዚዳንቱ ነው። መመዘኛው ከባድ ነው። አንድ ወታደር ሕይወቱን ለአደጋ አጋልጦ፣ ግዴታው ከሚጠይቀው እጅግ አልፎ የሄደ መሆን አለበት።

ከእሱ ሥር የምድር ጦሩ ሁለተኛ ሽልማት የላቀ አገልግሎት መስቀል ነው። ሦስተኛው የብር ኮከብ ይባላል። ይህን ደረጃ አስታውሱልኝ፤ የጉዳዩ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው። አንድ አዛዥ ወታደሩ ለፈጸመው ጀብዱ የትኛውን ሽልማት እንደሚጠይቅ የሚወስነው ራሱ ነው። ከዚያ ወረቀቱ ከሻምበል ወደ ሻለቃ፣ ከሻለቃ ወደ ሬጅመንት፣ ከዚያ ወደ ክፍለ ጦርና ወደ ላይ ይወጣል። በየደረጃው ያለ መኮንን ማጽደቅ ይችላል፤ ወደ ታችኛው ሽልማት ዝቅ ማድረግ ይችላል፤ ጠረጴዛው ላይ ማስቀረትም ይችላል።

በዚህ ነጥብ ላይ ወደ እኛ አገር ልመለስ። በድሮው ልማዳችን ዘማቹ ራሱ ነበር በአዛዡ ፊት ቀርቦ የሚፎክረው። ግዳዩን ጥሎ፣ የት ምን እንደሠራ በራሱ አንደበት ይናገር ነበር። የነበሩት ይሰሙታል፤ ከዋሸም የሚያጋልጠው አይጠፋም። ጀግናው የራሱ ጸሐፊ ነበር ማለት ይቻላል። በዘመናዊው ጦር ግን ጀግናው ስለራሱ አይጽፍም። ሌላ ሰው እንዲያይለት፣ እንዲያምንለትና እንዲጽፍለት ይጠብቃል። ያ ሌላ ሰው ሊያየው ካልፈለገ ነገሩ እዚያው ያበቃል።

በዚያ ጦርነት ጊዜ የአሜሪካ ጦር ጥቁርና ነጭ ተለይቶ የሚኖርበት ጦር ነበር። ክፍሎቹ ለየብቻ ነበሩ። የጥቁር ክፍሎችን ከፍተኛ አዛዦች በአብዛኛው ነጮች ነበሩ። ብዙዎቹ ጥቁር ወታደሮች ደግሞ ወደ ውጊያ አልተላኩም፤ ስንቅ ማመላለስ፣ መንገድ መሥራት፣ መርከብ ማራገፍ ነበር ድርሻቸው። ይህ መለያየት እንዲቀር በፕሬዚዳንታዊ ትእዛዝ የተወሰነው በሐምሌ 1948 ነው።

ችግሩ፦ ዜሮ

ለሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከ400 በላይ የክብር ሜዳሊያዎች ተሰጥተዋል። ለጥቁር ወታደሮች የተሰጠው ዜሮ ነው።

ይህ ቁጥር እንዲሁ ሊታለፍ የማይችለው ከፊቱና ከኋላው ካለው ጋር ሲነጻጸር ነው። በእርስ በርስ ጦርነቱ ጊዜ የተዋጉ ጥቁር ወታደሮች ይህን ሜዳሊያ አግኝተው ነበር። በኮሪያ ጦርነትም ሁለት ጥቁር ወታደሮች ከሞቱ በኋላ ተሸልመዋል። ኮሪያ ላይ ጦሩ መቀላቀል ጀምሮ ነበር። የእኛዎቹ የቃኘው ሻለቆችም በዚያው ጊዜ በአሜሪካ 7ኛ ክፍለ ጦር ሥር ተሰልፈው ይዋጉ ነበር። ታዲያ በመሐል ባሉት ሁለት የዓለም ጦርነቶች ጀግንነቱ የት ሄደ? ሰው በአንድ ትውልድ ፈሪ ሆኖ በሚቀጥለው ደፋር አይሆንም።

ነገሩ ወደ ባዶነት እንዳልሄደ ሦስት ታሪኮች ያሳያሉ። ረዘም አድርጌ እነግራችኋለሁ፤ ያለ እነሱ የቀረው ሁሉ የቢሮ ወሬ ይሆናል።

የመጀመሪያው ከዋዮሚንግ ግዛት የመጣ ወጣት ነው። መጀመሪያ ወደ ምልመላ ጣቢያ ሲሄድ ለእንዳንተ ዓይነቱ ኮታ የለንም ተብሎ ተመልሷል። ሌላ ጊዜ ተመልሶ ሄደ፤ ሌላ መልማይ ተቀበለው። ሚያዝያ 5 ቀን 1945 ጣሊያን ውስጥ በቪያሬጆ አቅራቢያ፣ አጊኖልፊ በሚባል ቤተ መንግሥት ሥር ምክትል መቶ አለቃ ሆኖ ይዋጋ ነበር። ሻምበሉ በመትረየስ እሳት ተይዞ ቆመ። እሱ በደረቱ ተሳበና አንዱን የመትረየስ ምሽግ ደመሰሰ። ቀጠለና የጠላትን መመልከቻ ቦታ አጠቃ። ከአንድ ወታደሩ ጋር ሆኖ ሌሎች ሁለት የመትረየስ ምሽጎችን መታ። የሻምበሉ አዛዥ አጋዥ ጦር ላምጣ ብሎ ወደ ኋላ ሄደ። አጋዥ ጦር አልመጣም። ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ሰዎቹ ሲወድቁ ወጣቱ መኮንን በግልጽ ቦታ ላይ ቆሞ የጠላትን እሳት ወደ ራሱ እየሳበ ቁስለኞቹን አስወጣ። በማግስቱ ሌሊት ደግሞ በፈቃዱ አንድ ሻለቃ ጦርን በፈንጂ ሜዳ ውስጥ መርቶ አሳለፈ። ለዚህ ሁሉ የላቀ አገልግሎት መስቀል ተሰጠው። ይኸውም ሁለተኛው ደረጃ።

ሁለተኛው የኦክላሆማ ልጅ ነው፤ የ761ኛው ታንከኛ ሻለቃ ሃምሳ አለቃ። በኅዳር 1944 ፈረንሳይ ውስጥ ጌብሊንግ በምትባል ከተማ መግቢያ ላይ ታንኩ ፈንጂ ረገጠ። እግሩ እስከ አጥንቱ ተሰነጠቀ። የሕክምና ሰዎች የሕመም ማስታገሻ መርፌ ሊወጉት ሲሉ እምቢ አለ። ወደ ኋላ ተመልሶ እንዲታከም ሲታዘዝም እምቢ አለ። በሌላ ታንክ ላይ ወጥቶ ለቀናት ከጓደኞቹ ጋር ተዋጋ። ኅዳር 19 አዛዡ ታንኮቹ እንዲያፈገፍጉ አዘዘ። እሱ ፀረ ታንክ መድፎቹ የተደበቁበትን ቦታ እንዳያቸውና እንደሚዋጋቸው በሬዲዮ ተናገረ። ሌሎቹ እንዲወጡ ሽፋን ሲሰጥ ታንኩ ተመታ። እዚያው ሞተ።

አዛዡ ነጭ ሻምበል ነበር። ይህ ሰው ወታደሩን ለክብር ሜዳሊያ እንዳጨው ዕድሜውን ሙሉ ሲናገር ኖሯል። በመዝገብ ግን ምንም አልተገኘም። ሟቹ በመዝገብ ላይ የቀረለት የብር ኮከብ ብቻ ነው፤ ሦስተኛው ደረጃ።

ሦስተኛው የመድፍ ተኩስ ተመልካች መኮንን ነው። በ1944 የገና በዓል ሌሊት ሶሞኮሎኒያ በምትባል የጣሊያን ተራራ መንደር ጀርመኖች ሰርገው ገቡ። በማግስቱ ወገን ጦር መንደሯን ሲለቅ እሱ ከጥቂት ሰዎች ጋር በፈቃዱ ቀረ። ከአንድ ቤት ፎቅ ላይ ሆኖ የመድፉን ተኩስ ይመራ ነበር። ጠላት እየቀረበ ሲመጣ ተኩሱንም እያቀረበ ሄደ። በመጨረሻ ያለበትን ቤት እንዲመቱት ጠየቀ። በስልኩ ወዲያ ያለው ሰው አትተርፍም ብሎ አስጠነቀቀው። እሱ ግን «ተኩሱ!» አለ። በኋላ መንደሯ ስትያዝ አስከሬኑ ወደ 100 በሚጠጉ የጀርመን ወታደሮች አስከሬን መካከል ተገኘ። የላቀ አገልግሎት መስቀሉን ያገኘው በ1982 ነው። 38 ዓመት ገደማ ካለፈ በኋላ ማለት ነው።

ሌሎች አራት አሉ። አንዱ ፈረንሳይ ክሊምባክ ላይ ደረቱን፣ እግሮቹንና እጁን ቆስሎ መድፎቹን ቦታ ቦታ ሳያስይዝ አልነሳም ያለ መቶ አለቃ ነው። አንዱ ጀርመን ሽፓየር አጠገብ በአምስት ቦታ ቆስሎ ሁለት ምርኮኛ እንደ ጋሻ ይዞ ሜዳውን አቋርጦ የተመለሰ ነው። አንዱ የመቶ አለቃውን ሊያነሳ ሲሮጥ የተገደለ ቃኚ ነው። የመጨረሻው ኒው ጊኒ አካባቢ መርከባቸው በጃፓን አውሮፕላኖች ሲመታ ዋና የማይችሉ ጓደኞቹን እየጎተተ ወደ ጀልባ ሲያደርስ ደክሞ የሰመጠ ተራ ወታደር ነው። በኋላ ወደ ሽፓየሩና ወደ ሰማጩ እመለሳለሁ።

የተወሰዱ እርምጃዎች

የመጀመሪያው በር የተከፈተው በሌላ ጦርነት ነው። በ1918 ፈረንሳይ ሻምፓኝ ውስጥ 188 በተባለ ኮረብታ ላይ የሞተ አንድ ጥቁር አሥር አለቃ ነበር። ለክብር ሜዳሊያ ታጭቶ ነበር። ወረቀቱ ግን ሳይታይ ቀረ። ከ70 ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ተገኘና ሚያዝያ 1991 ሜዳሊያው ለእህቶቹ ተሰጠ። ይህ አንድ ነገር አረጋገጠ። ወረቀት ሊጠፋ ይችላል፤ ከጠፋም በኋላ ሊፈለግ ይችላል።

በ1993 ምድር ጦሩ አንድ ውሳኔ ወሰነ። ምርመራውን ራሱ ከመሥራት ይልቅ በሰሜን ካሮላይና ራሌይ ለሚገኘው ሾው ዩኒቨርሲቲ ሰጠው። ሾው በ1865 የተመሠረተ የጥቁሮች ዩኒቨርሲቲ ነው። ቡድኑ የታሪክ ምሁራንን ያቀፈ ነበር። በእኔ እምነት ከእርምጃዎቹ ሁሉ ወሳኙ ይህ ነው። ጦሩ ራሱን መርምሮ ንጹሕ ነኝ ቢል ማንም አያምነውም ነበር። ጥፋተኛ ነኝ ቢልም ለፖለቲካ ነው ይባል ነበር።

ጥያቄው ግልጽ ነበር። ሜዳሊያው ለጥቁር ወታደሮች ያልተሰጠው ለምንድን ነው? ተመራማሪዎቹ መዛግብት አገላበጡ፤ በሕይወት ያሉ የቀድሞ ወታደሮችንና አዛዦችን አነጋገሩ። ሥራው ቀላል አልነበረም። ሐምሌ 1973 ሴንት ሉዊስ በሚገኘው የወታደሮች ማኅደር መጋዘን እሳት ተነስቶ ነበር። ከ16 እስከ 18 ሚሊዮን የሚደርሱ ፋይሎች ነደዋል። ከ1912 እስከ 1960 ከተሰናበቱት የምድር ጦር አባላት 80 በመቶ ያህሉ ማኅደራቸው አመድ ሆኗል። አንድ የወታደር ቤተሰብ ዛሬም ማኅደር ሲጠይቅ ይህን እሳት ይገናኘዋል።

ያገኙት ውጤት ብዙ ሰው የጠበቀው አልነበረም። ለጥቁር ወታደር ይህን ሜዳሊያ አትስጡ የሚል የጽሑፍ ትእዛዝ አልተገኘም። በሌላ በኩል በጊዜው ለሜዳሊያው የቀረበ አንድም የጥቁር ወታደር የጽሑፍ ጥያቄ በመዝገብ አልተገኘም። ሁለቱን አንድ ላይ አንብቡት። ማንም አልከለከለም፤ ማንም ግን አልጻፈም። የጥናቱ መደምደሚያ መለያየቱና በጊዜው የነበረው የዘር ንቀት ራሱ በቂ እንቅፋት ነበር የሚል ነው። አንድ አዛዥ ወታደሮቼ ፈሪ ናቸው ብሎ አምኖ ከገባ የሚያየውን ጀብዱ በሁለተኛ ደረጃ ይለካዋል፤ ወይም ጭራሹኑ አይለካውም።

ጥናቱ ግን እዚያ ላይ አልቆመም። 10 ወታደሮችን በስም ለይቶ ጉዳያቸው እንደገና ይታይ አለ። ዘጠኙ የላቀ አገልግሎት መስቀል የነበራቸው ናቸው። አሥረኛው የብር ኮከብ የነበረው ታንከኛ ነው። ምድር ጦሩ የከፍተኛ መኮንኖች ቦርድ አቋቁሞ አሥሩንም አስመረመረ። ቦርዱ ሰባቱን ለክብር ሜዳሊያ አጸደቀ። ሦስቱ ባሉበት ቀሩ። ይህ ሊታለፍ የማይገባው ነጥብ ነው። ሁሉም ቢያልፉ ሜዳሊያው ለይቅርታ የተሰጠ ይመስል ነበር።

አንድ የሕግ እንቅፋት ቀርቶ ነበር። የዚያ ጦርነት ሽልማቶች የጊዜ ገደብ በ1952 አብቅቷል። ገደቡን ማንሳት የሚችለው ኮንግረሱ ብቻ ነው። በ1996 በወጣ ሕግ ገደቡ ለሰባቱ ተነሳላቸው።

ጥር 13 ቀን 1997 በዋይት ሃውስ ሥነ ሥርዓት ተደረገ። ከሰባቱ በሕይወት የነበረው አንድ ነው፤ የአጊኖልፊው መኮንን። 77 ዓመቱ ነበር። የሌሎቹን ሚስቶቻቸው፣ እህቶቻቸውና ዘመዶቻቸው ተቀበሉ።

ምን ሠራ

በመጀመሪያ የሠራው መቁጠር ነው። ዜሮ የሚለው ቁጥር ማንንም ሳይከስ ጥያቄ አስነሳ። ቁጥሩ ባይኖር ክርክሩ ስለ እያንዳንዱ ሰው ጀግንነት ይሆን ነበር። ስለ ሥርዓቱ ማንም አያነሳም ነበር።

ቀጥሎ የሠራው ሁለተኛውን ደረጃ እንደ ማስረጃ መጠቀም ነው። ይህ በጣም ብልህ ዘዴ ነው። የላቀ አገልግሎት መስቀል የተሰጠው ሰው ጀብዱው በጊዜው ተመስክሯል፤ ተጽፏል፤ ጸድቋል። የዓይን ምስክር መፈለግ አያስፈልግም። የሚቀረው አንድ ጥያቄ ነው፦ ይህ በትክክለኛው ደረጃ ተመዝኗል ወይ? ከ50 ዓመት በኋላ ሊመለስ የሚችል ጥያቄ ይሄ ነው።

ሦስተኛው የሰዎች ጽናት ነው። የታንከኛው አዛዥ ዝም ሊል ይችል ነበር። ጡረታ ወጥቶ፣ ልጅ አሳድጎ፣ ያ ታንከኛ ጀግና ነበር እያለ ለጓደኞቹ እየነገረ መኖር ይችል ነበር። አላደረገውም። ለአሥርተ ዓመታት ደብዳቤ ጻፈ፤ መሰከረ። የብር ኮከብ ብቻ የነበረው ሰው ከዘጠኙ ጋር ሊመደብ የቻለው በዚህ ሰው ምስክርነት ነው። ከፍተኛ ማዕረግ ያለው፣ በቦታው የነበረ፣ የሌላ ዘር የሆነ ምስክር። በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል ይባላል። እሱ በቃል ያለውን እንዳይረሳ በራሱ ትከሻ ተሸክሞት ነበር።

አሠራሩም ለሌሎች ተረፈ። በዚያው በ1996 የወጣ ሌላ ሕግ የእስያ ዝርያ ያላቸው አሜሪካውያን የላቀ አገልግሎት መስቀሎች እንዲመረመሩ አደረገ። ሰኔ 2000 ላይ 22 ወታደሮች የክብር ሜዳሊያ አገኙ። ከዚያ የአይሁድና የላቲን አሜሪካ ዝርያ ያላቸው ወታደሮች ጉዳይ ታየ። መጋቢት 2014 ላይ 24 ሰዎች በአንድ ቀን ተሸለሙ። ምርመራው በዘር ቢጀመርም መንገድ ላይ ከእነዚህ ዘሮች ያልሆኑ ቸል የተባሉ ወታደሮችም ተገኝተዋል።

ምን አልሠራም

ትልቁ ጉድለት ጊዜው ነው። ከሰባቱ ስድስቱ ሜዳሊያቸውን አላዩም። ሁለቱ ከጦርነቱ ተርፈው ቤታቸው የገቡ ነበሩ። የክሊምባኩ መቶ አለቃ በ1980 ሞተ፤ የሽፓየሩ በ1963። ምርመራው በ1960 ተጀምሮ ቢሆን ሁለቱም ቆመው በተቀበሉት ነበር።

የሽፓየሩ ሰው ታሪክ ልቤን ይነካዋል። ከውጊያ እንዳይቀር ብሎ የሃምሳ አለቃ ማዕረጉን በገዛ ፈቃዱ አውልቆ ተራ ወታደር ሆኖ የዘመተ ሰው ነው። ከጦርነቱ በኋላ በውትድርና መቀጠል ፈለገ። በ1949 ጦሩ እንደገና አንቀጥርህም አለው። ምክንያቱን አልነገረውም። ከዓለም ጦርነቱ በፊት በስፔን የእርስ በርስ ጦርነት ከፋሺስቶች ጋር ተዋግቶ ስለነበር ኮሚኒስት ነው ተብሎ ተጠርጥሮ ነበር። ስሙን ለማጽዳት ሞከረ፤ አልተሳካለትም። በጎማ ሥራ ሲተዳደር ኖሮ በ46 ዓመቱ ሞተ።

በ1997 ሜዳሊያው ለቤተሰቡ ተሰጠ። አስከሬኑም ወደ አርሊንግተን መካነ መቃብር ተዛወረ። ጥርጣሬው ግን አሁንም መዝገብ ላይ ነበር። ይህን አስቡት። አንድ መንግሥት በአንድ እጁ የክብር ሜዳሊያ ሰጥቶ በሌላ እጁ የተጠርጣሪነት ፋይል ይዞ ነበር። የልጁ ሚስት ፋይሎቹን ጠይቃ አወጣች፤ ተከራከረች። በ1999 ጦሩ ቤተሰቡን በይፋ ይቅርታ ጠየቀ፤ የተነፈጉትም ሽልማቶች ተሰጡት። ሜዳሊያውን የመረመረው ቦርድ የሰውየውን ቀሪ ማኅደር አልነካውም ነበር። ያን የሠራችው አንዲት የቤተሰብ አባል ናት።

ሌላው ጉድለት ከዘዴው ጥንካሬ ጋር የተያያዘ ነው። ሁለተኛ ደረጃ ያገኘውን መርምር ማለት ምንም ያላገኘውን ተወው ማለት ነው። አዛዡ አንድ መስመር እንኳ ያልጻፈለት፣ ወይም ጓደኞቹ ሁሉ አብረውት ያለቁ ወታደር በዚህ ወንፊት ውስጥ አይገባም። ስንት እንደሆኑ የሚቆጥራቸው የለም። ጥናቱ ደግሞ የምድር ጦሩን ብቻ ነው ያየው። ፐርል ሃርበር ላይ መትረየስ ይዞ የጃፓንን አውሮፕላኖች የተኮሰው የመርከብ አስተናጋጅ የባሕር ኃይል ሰው ስለሆነ ከዝርዝሩ ውጭ ነበር። እሱ የባሕር ኃይል መስቀሉን ይዞ ቀርቷል።

ተጠያቂም አልተገኘም። ይህን እንደ ጉድለት የሚቆጥሩት አሉ። እኔ ግን እዚህ ላይ ከጥናቱ ጋር ነኝ። ጥፋተኛ ፍለጋ ቢወጡ ኖሮ ሁሉም መኮንን ጠበቃ ይይዝ ነበር፤ ማንም አይናገርም ነበር።

ወደ ሌላ ቦታ የሚወሰዱ ትምህርቶች

ሽልማት የሚሰጥ ማንኛውም ተቋም፣ ጦር ይሁን ትምህርት ቤት ይሁን ሆስፒታል፣ ከሁሉ በፊት የሰጠውን ይቁጠር። ማን አገኘ ሳይሆን ማን ፈጽሞ አላገኘም ብሎ ይቁጠር። የሌሊት ተረኞች? የሩቅ ቅርንጫፍ ሠራተኞች? ሴቶች? ዜሮ የሆነ ቦታ ሲገኝ የመጀመሪያው መልስ ብቁ ሰው አልነበረም የሚል ከሆነ ያ መልስ ራሱ ይመርመር። ለሃምሳ ዓመት የተሰጠው መልስ እሱ ነበር።

ሲመረመርም ክልከላውን ብቻ አይፈለግ። ብዙ ጊዜ ክልከላ የለም። ያለው የእጩ ወረቀት መሙላት የሚችለው አንድ ሰው ብቻ መሆኑ ነው። የሾው ጥናት ትልቁ ግኝት ይህ ይመስለኛል። መፍትሔውም ከዚያ ይመነጫል፦ ለማጨት የሚችለውን ሰው ማብዛት። ጓደኛ ያጭ፣ የበታች ያጭ፣ ከሌላ ክፍል የመጣ ያጭ። ወረቀቱ የቀረበበት ቀንና ያዘገየው ደረጃ ይመዝገብ። ውድቅ ሲደረግም ምክንያቱ በጽሑፍ ይሁን።

መመዘኛው ግን አይውረድ። ሦስቱ ባይቀሩ ኖሮ ሰባቱ አይከበሩም ነበር። ዘግይቶ የሚሰጥ ሽልማት ከመጀመሪያውም የበለጠ ጥብቅ መሆን አለበት፤ የተቀባዩ ልጆች አንገታቸውን ቀና አድርገው እንዲይዙት። እርማቱም ሽልማቱ ላይ አይቁም። የሰውየው ጡረታ፣ ማዕረግ፣ የስንብት ምክንያት አብሮ ይታይ። የሽፓየሩ ሰው ቤተሰብ ሁለት ዓመት ተጨማሪ የታገለው ይህ ስላልተደረገ ነው።

ለቤተሰቦችም አንድ ነገር አለኝ። በአዲስ አበባም ይሁን በዋሽንግተን፣ የኮሪያ ዘማች አባት ወይም አያት ያላችሁ ብዙ ናችሁ። ለዚያ ጦርነት የተሰጠው የተባበሩት መንግሥታት ሜዳሊያ በአማርኛ የተጻፈበት ዓይነት እንዳለው ታውቃላችሁ? ሣጥን ውስጥ ካለ አውጡና የፊቱንም የጀርባውንም ፎቶ አንሱት። ከሜዳሊያው ጋር ያለውን ብጫቂ ወረቀት አትጣሉ፤ ከብረቱ ይበልጣል። አባት በሕይወት ካሉ ቁጭ በሉና የሻለቃቸውን ቁጥር፣ የአዛዣቸውን ስም፣ የቦታውን ስም ጠይቋቸው። ስለራሳቸው ሲጠየቁ ዝም ይሉ ይሆናል፤ ስለ ጓደኛቸው ከጠየቃችኋቸው ግን ይናገራሉ። ያ የጓደኛቸው ምስክርነት ነው። በስልካችሁ ቅዱት፤ የተቀዳበትን ቀን ጻፉበት፤ ለጓደኛቸውም ልጆች አንድ ቅጂ ላኩላቸው።

ኒው ጊኒ ላይ የሰመጠው ወታደር ቤተሰብ አልተገኘለትም። በ1997 ሥነ ሥርዓት ላይ ሜዳሊያውን በእሱ ፈንታ የተቀበለ ዘመድ አልነበረም። ዛሬ ቨርጂኒያ ውስጥ በሚገኘው የጦሩ የስንቅና ትጥቅ ክፍል ሙዚየም ነው የሚታየው። ወደ ፊት ወጥተው የሚዋጉ ወታደሮች ክፍል ውስጥ አልነበረም፤ የስንቅ ሰው ነበር። መጋቢት 8 ቀን 1943 ውሃው ውስጥ ስንት ሰው እንዳወጣ ያየ ሰው ነበር፤ ያየውም ተጻፈ።